በሠርጌ ቀን የተነፈሰው ግድግዳ

ሙሽራ በሠርጓ ቀን የምትፈራው ብዙ ነው። ወጥ እንዳያልቅ፣ ቀሚሷ እንዳይረገጥ፣ የሁለቱ ወገን ዘመዶች በአንድ የተሳሳተ ቃል እንዳይቀያየሙ ትፈራለች። እኔ ግን በሠርጌ ቀን የፈራሁት ግድግዳ ነው። ያን ቀን የሆነውን ለብዙ ሰው ተናግሬዋለሁ፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስጽፈው ግን ዛሬ መጀመሪያዬ ነው።

እመቤት እባላለሁ። የተወለድሁት ፍላቂት ነው፤ ቤተሰቦቼ ገብስ አራሾች ናቸው። ኮምቦልቻ ወርጄ የሕንጻ ንድፍ ተማርሁ፤ እንደጨረስሁም እዚያው አንድ የአልሙኒየምና የመስታወት ሥራ ድርጅት ቀጠረኝ። ሥራዬ ደንበኛው ዘንድ ሄዶ መለካትና ንድፍ ማውጣት ነበር። ምን ዓይነት ሥራ ይሠራ የሚለውን አለቃዬና ደንበኛው ይነጋገራሉ፤ እኔ ሜትሬን ይዤ ዳር ቆሜ እጠብቃለሁ። በጠባዬም ዝምተኛ ነበርሁ። እናቴ በሕይወት ሳለች «ይህቺ ልጅ ቤት ሲቃጠል እንኳ አስፈቅዳ ነው የምትጮኸው» ትል ነበር።

ነገሩ እንዲገባችሁ ስለ መስታወት ጥቂት ልበላችሁ። በሕንጻ ፊት ላይ የምታዩት ሰፊ መስታወት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ የሱቅ ፊት የምንለው ነው። ከታች ወለሉ ላይ ይቆማል፣ ከላይ ጣሪያው ይይዘዋል፤ እንደ መስኮት በሁለቱ መሀል የገባ ነው። ከፍታው ከአንድ ፎቅ አያልፍም፤ ቋሚ አልሙኒየሞቹም ቀጫጭን ናቸው። ለፋርማሲ፣ ለካፌ፣ ለልብስ ቤት ግሩም ነው። ሌላው ከርተን ዎል ይባላል፤ ትልልቅ ፎቆችን አልብሶ የምታዩት እሱ ነው። ወለል ላይ አይቆምም፤ ከሕንጻው ፊት እንደ መጋረጃ ይንጠለጠላል። በየፎቁ ከኮንክሪቱ ጠርዝ ጋር በብረት ማያዣ ይታሰራል። ቋሚዎቹ ወፋፍራም ናቸው፤ ንፋስ ሲገፋቸው ግፊቱን ለሕንጻው አጥንት ያስረክባሉ። ከሩቅ ለሚያያቸው ሁለቱ ወንድማማች ይመስላሉ። ልዩነታቸው የሚታወቀው ንፋስ ሲመጣ ነው።

ባለቤቴ ፍሬው የላሊበላ ልጅ ነው፤ አስጎብኚ ነው። አባቱ መሪጌታ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ በቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ያሳለፉ፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው። የመሪጌታ ታናሽ ወንድም ጋሽ አበራ ደግሞ ከከተማው ዳር፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ሆቴል አላቸው። እንግዳ በጠፋበት ክፉ ጊዜ ሠራተኛ ሳይበትኑ፣ በራቸውን ሳይዘጉ ጥርሳቸውን ነክሰው ያለፉ ናቸው። እንግዳ መመለስ ሲጀምር ከሆቴሉ ጎን አዲስ አዳራሽ ሠሩ። የሠርጋችን ቀን ሲቆረጥ መሪጌታ ግቢ ውስጥ ዳስ ይጣል ብለው ነበር። ጋሽ አበራ ግን «የወንድሜ ልጅ በአዲሱ አዳራሽ ካልተዳረ ለማን ሠራሁት?» አሉ፤ ነገሩ በዚሁ አለቀ።

ጥር መጨረሻ ነበር። ጠዋት በቤተ ክርስቲያን ሥርዓቱ ተፈጸመ፤ ከዚያ በእልልታ ታጅበን ወደ አዳራሹ ሄድን። አዳራሹን ሳየው ያ የመጀመሪያዬ ነው። የምዕራቡ ግድግዳ ከወለል እስከ ጣሪያ፣ ከዳር እስከ ዳር መስታወት ነው፤ ሁለት ፎቅ ያህል ከፍታ አለው። ከመስታወቱ ማዶ ሸለቆው፣ ከሸለቆው ማዶ የላስታ ተራሮች ተደርድረዋል። የገባው ሁሉ አፉን ይዞ ቆመ። ጋሽ አበራ በሩ ላይ ቆመው ሰው ሲደነቅ እያዩ እንደ ልጅ ደስ ይላቸው ነበር።

«እንዴት ነው ሙሽሪት? የአንቺው ሙያ ነው» አሉኝ።

«በጣም ያምራል ጋሼ» አልኋቸው። ያምር ነበር፤ አልዋሸሁም።

ሙሽሮች የምንቀመጥበት መድረክ ከመስታወቱ ፊት ለፊት፣ በምሥራቁ ግድግዳ በኩል ነበር። ከመድረኩ ጎን ወደ ወጥ ቤት የምትወስድ ጠባብ በር አለች። ትልቁ በር ግን ያው የመስታወቱ ግድግዳ መሀል ላይ ነው፤ ሁላችንም የገባነው በእሱ ነው። ከፍላቂት የመጡት ዘመዶቼ የሩቅ እንግዶች ስለሆኑ የክብር ቦታ ተሰጣቸው፤ ከመስታወቱ ሥር፣ ሸለቆው ከሚታይበት። አባቴ ነጭ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ጀርባቸውን ለመስታወቱ ሰጥተው ተቀመጡ።

ምሳ ቀረበ፤ ሰው በላ፣ ጠጣ፣ ዘፈነ። እኔም ፈገግ እያልሁ ተቀምጫለሁ፤ ግን ዓይኔ ልማድ አለበት። መስታወት ሲያይ መስመሩን ተከትሎ ይሄዳል። ከታች ጀምሬ አንዱን ቋሚ ሽቅብ ተከተልሁት። ግማሽ ላይ ስደርስ ቆምሁ። ቋሚው እዚያ ላይ ያበቃል። በላዩ አግዳሚ አለ፤ ከአግዳሚው በላይ ሌላ ቋሚ ይጀምራል። በመሀላቸው ጥቁር የሲሊኮን መስመር ተቀብቷል። ወደ ሚቀጥለው ቋሚ ዞርሁ፤ እሱም እንደዚያው ነው። ሁሉም እንደዚያው ናቸው።

የሱቅ ፊት ነው። አንዱን የሱቅ ፊት በሌላው የሱቅ ፊት ጫንቃ ላይ አቁመውታል። መሀል ላይ የሚይዘው ፎቅ የለም፣ የኮንክሪት ጠርዝ የለም፣ ብረት የለም። ያን ሁሉ መስታወት በወገቡ ላይ የያዘው ሲሊኮኑ ነው።

ልቤ ደነገጠ፤ ወዲያው ግን ራሴን ገሠጽሁ። ምናልባት ከቋሚዎቹ ውስጥ ወፍራም ብረት አስገብተው ይሆናል። ምናልባት ከውጭ በኩል የማይታየኝ ደጋፊ አለ። ደግሞም ቆሟል እኮ፤ ከተሠራ ወራት አልፎታል። ዛሬ ሠርግሽ ነው፣ ተቀመጪ አልሁ ለራሴ።

ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ተነሳ። በጥር የላስታን ንፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከሸለቆው ሽቅብ ነው የሚመጣው፣ አፋፉ ላይ ሲደርስ ጉልበቱ ይበረታል። ዲኮር የሠሩት ልጆች ከጣሪያ እስከ ወለል ረጃጅም ነጭ ሻሾች አንጠልጥለው ነበር፤ በየግድግዳው ሁሉ። በሮች ተዘግተዋል። በሌሎቹ ግድግዳዎች ያሉት ሻሾች ቀጥ ብለው ቆመዋል። ከመስታወቱ ፊት ያሉት ግን ወገባቸው ላይ ወደ ውስጥ ይገፋሉ፤ ከዚያ ይመለሳሉ። ሻሹን የሚገፋው ንፋስ አልነበረም። ከኋላው ያለው አልሙኒየም ነበር። ግድግዳው ወደ እኛ ይነፋል፣ ይመለሳል፤ ይነፋል፣ ይመለሳል። እንደሚተነፍስ ሰው።

የፍሬውን ክንድ ያዝሁ።

«ፍሬው፣ ሳትደነግጥ ስማኝ። ያ መስታወት ሊወድቅ ይችላል።»

ሳቀ፤ የምቀልድ መስሎት ነው። ፊቴን ሲያይ ሳቁን ተወው። «የቱ መስታወት?»

«ግድግዳው ሁሉ። ሻሾቹን እያቸው፤ ወገባቸውን።»

አየ። ንፋሱ ሲበረታ ሻሾቹ ሲገፉ አየ። «እንደዚህ መሆን የለበትም?»

«ትንሽ መጉበጥ ያለ ነው። ይኼ ግን ብዙ ነው፤ መሀሉ ላይ የሚይዘው ነገር የለም።»

ፍሬው ዓይኑን ወደ ጋሽ አበራ መለሰ። አጎቱን እንደ አባቱ ነው የሚያያቸው። ከዚያ ሚዜውን ጠርቶ «ጋሽ አበራን በቀስታ ጥራቸው፤ አባቴንም» አለው።

ጋሽ አበራ እየሳቁ መጡ፤ ምን ጎደለ ብለው ነው። ነገሩን ስነግራቸው ሳቃቸው ቀስ እያለ ጠፋ።

«እመቤት፣ ልጄ፣ ይኼ እኮ ከርተን ዎል ነው። አዲስ አበባ ፎቁን ሁሉ የለበሰው ነው።»

«አይደለም ጋሼ። ይኼ የሱቅ ፊት ነው፤ ሁለቱን አንዱን ባንዱ ላይ አቁመውት ነው።»

«ሆቴሉ ምድር ቤት ያለውን ሱቅ የሠሩልኝም እነሱው ናቸው። ያው አልሙኒየም፣ ያው መስታወት። ስንት ክረምትና በጋ አለፈበት፣ ምን ሆነ?»

«ምንም አይሆንም ጋሼ፤ እሱ ላይ ችግር የለም። ሱቁ አጭር ነው፤ ከላይም ከታችም ኮንክሪት ይዞታል። እዚህ ግን ከፍታው እጥፍ ሆኗል፤ መሀሉን ማንም አልያዘውም።»

ወደ መስታወቱ ዞር ብለው አዩ። ሰው ይጨፍራል። «ታዲያ ምን ላድርግ? ይኼን ሁሉ እንግዳ ቤቴ ሊወድቅ ነውና ውጡ ልበል?» አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ ብቻ አልነበረም፤ ማፈርም ነበረበት። እውነት ለመናገር አሳዘኑኝ። ያን አዳራሽ በምን ድካም እንዳቆሙት አውቃለሁ።

መሪጌታ ይህን ሁሉ ቆመው ሲሰሙ ነበር። አሁን ወደ እኔ ጎንበስ አሉ።

«ልጄ፣ እርግጠኛ ነሽ?»

ያን ጥያቄ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። አዎ ብል ውሸት ነው፤ ውስጡን ከፍቼ አላየሁም። አይደለሁም ብል ደግሞ ነገሩ ያበቃል፤ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል።

«እርግጠኛ አይደለሁም መሪጌታ» አልኋቸው። «ዛሬ ላይወድቅም ይችላል። ግን አባቴ ከሥሩ ተቀምጠዋል፤ እንዲነሱ እፈልጋለሁ። ሰው ሁሉ እንዲነሳ እፈልጋለሁ።»

«ይበቃል» አሉ።

ጋሽ አበራ «ወንድም ጋሼ» ብለው ሊናገሩ ሲሉ መሪጌታ እጃቸውን ትከሻቸው ላይ አሳረፉ። «አበራ፣ መስታወቱ ካልወደቀ ሰዎቹ ተመልሰው ይቀመጣሉ፤ ምን ይጎዳል?»

ቀጥሎ ያለው ነበር የባሰው ጭንቀት። ሰው የሚያውቀው መውጫ ያ በመስታወቱ መሀል ያለው በር ብቻ ነው። ሊወድቅ ነው የሚል አንድ ድምፅ ከተሰማ ሁሉም ወደዚያው ይሮጣል፤ በሩን ሲገፋ ግድግዳውን ራሱ ይገፋል። የቀረችው የወጥ ቤቷ ጠባብ በር ናት። በእሷ ሳይጋፋ፣ ሳይደነግጥ፣ ምክንያቱን ሳያውቅ መውጣት አለበት። ለፍሬውና ለአባቱ ይህን ነገርኋቸው።

«የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ሌላ ነገር ይንገራቸው፤ ጓሮ ፎቶ አለ ይበል» አለ ፍሬው።

መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ውሸት አያስፈልግም። ምርቃቱ ገና አልተደረገም። ምርቃቱን ጓሮ አደርገዋለሁ፤ የሚመረቅ ይከተለኛል።»

መሪጌታ ድምፅ ማጉያውን ተቀበሉ። ዘፈኑ ቆመ። «ልጆቼን የምመርቀው ከደጅ፣ ከሰማይ በታች ነው» አሉ በዚያ ዝግ ባለ ድምፃቸው። «ሙሽሮቹ በወጥ ቤት በኩል ይቀድማሉ። ከመስታወቱ አጠገብ ያላችሁ ቀድማችሁ ተነሱ፤ ትልልቆቹን ደግፉ። ሌላው በየተራው ይከተል።»

እሳቸው ተናግረው ማን ለምን ይላል? ከበሮው ተመታ። ፍሬው እጄን ያዘኝ፤ እየተወዛወዝን ከመድረኩ ወርደን በጠባቧ በር ገባን። ወጥ ቤት ውስጥ ሴቶቹ ጭልፋቸውን እንደያዙ ክው ብለው ቀሩ። በድስትና በበርሜል መሀል፣ ቀሚሴን ሰብስቤ፣ እየዘፈንሁ አለፍሁ። ከኋላዬ ሰው እያጨበጨበ ይከተላል። አፌ ይዘፍናል፤ ጆሮዬ ግን ከኋላ ነው፤ የሚሰበር ነገር እየጠበቀ። በእያንዳንዱ እርምጃ አሁን፣ አሁን እላለሁ።

ጓሮ ወጣን። ሰው እየፈሰሰ ወጣ። ሴቶች ወጡ፣ ልጆች ወጡ፣ ቄሶቹ ወጡ። የሰዉን ፊት እያየሁ የፍላቂት ዘመዶቼን ፈለግሁ። አክስቴን አየሁ፤ አጎቶቼን አየሁ። አባቴን አላየሁም።

«አባዬስ?» አልኋት አክስቴን።

«ጉልበቴን አሞኛል፣ ምርቃቱን ከዚሁ በድምፅ ማጉያው እሰማለሁ ብለው ተቀመጡ። ብንላቸው ብንላቸው እንቢ አሉ።»

የፍሬውን እጅ ለቅቄ ሮጥሁ። እየወጣ ያለውን ሰው ተጋፍቼ በወጥ ቤቱ ተመልሼ ገባሁ። አዳራሹ ባዶ ሊሆን ደርሷል፤ ጥቂት አስተናጋጆች ብቻ ወደ በሩ እየመጡ ነው። ከመስታወቱ ሥር ሁለት ሰው ቀርቷል። አባቴ ብርጭቋቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ከአጠገባቸው ጋሽ አበራ ቆመዋል፤ መዳፋቸውን ቋሚው ላይ አሳርፈው።

«እነሆ» አሉኝ ስደርስ። «እጄን አድርጌበት ቆሜያለሁ። ቤቴን ጥዬ አልወጣም። አባትሽንም አላስፈራራሁም።»

«ጋሼ፣ እባክዎ። አባዬ፣ ይነሱ።»

አባቴ ቀና ብለው አዩኝ። «ምን ሆነሻል አንቺ? ሙሽራ እንዲህ ትሮጣለች?»

ያኔ ንፋሱ መጣ። ከዚያ በፊት ከነበረው ሁሉ የከበደ ነበር። ሸራ ሲቀደድ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ከመሀል፣ ከጥቁሩ መስመር ሰማሁ። ጋሽ አበራን አየኋቸው። እጃቸው አልሙኒየሙ ላይ እንዳለ ነው። ፊታቸው ተለወጠ። እኔ በቃል ላስረዳቸው ያልቻልሁትን መዳፋቸው ነገራቸው። አልጮኹም። ድምፃቸውን እንኳ አላነሱም።

«በዚያ በኩል ያዢያቸው» አሉኝ።

በግራና በቀኝ ብብታቸው ገብተን አባቴን ከወንበሩ አነሳናቸው። ብርጭቋቸው ወድቆ ተሰበረ። አባቴ አልተከራከሩም። ጠረጴዛዎቹን እየገፋን ሄድን። ቀሚሴ አንድ ወንበር ላይ ተያዘ፤ ጎትቼ ቀደድሁት። የወጥ ቤቷ በር ቅርብ ነች፤ ሩቅ ነች። በሩ ላይ ስንደርስ ጋሽ አበራ ሁለታችንንም ከጀርባ ገፉን።

ሲወድቅ አላየሁትም። የሰማሁት መጀመሪያ አንድ ትልቅ ጠቅታ ነው፤ ቀጥሎ ተራራ የሚናድ መሰለ። ንፋሱ ወደ አዳራሹ ገባ። ሻሹ፣ አቧራው፣ የጠረጴዛ ልብሱ ሁሉ እኛ ላይ መጣ። ከዚያ ሁሉም ነገር ዝም አለ፤ ከጓሮ የሰው ጩኸት እስኪሰማ ድረስ።

ዞሬ ሳይ የላይኛው ግማሽ ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ ወድቋል። መስታወቱ ተራ መስታወት ነበር፤ እንደ ጠጠር የሚረግፈው ዓይነት አይደለም። ረጃጅም ስል ስባሪ በየጠረጴዛው፣ በየወንበሩ ተተክሏል። ከበሮ መቺዎቹ የነበሩበት፣ ልጆች ሲሯሯጡ የነበሩበት፣ አክስቴ የተቀመጠችበት ሁሉ።

ጋሽ አበራ በሩ ደፍ ላይ ተንበርክከው ነበር። ነጭ ሸሚዛቸው ከኋላ በኩል ቀልቷል።

የቀረውን የሠርግ ቀኔን ያሳለፍሁት ሆስፒታል ነው። ፍሬውና እኔ በሙሽራ ልብሳችን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። የመጣ የሄደው ያየናል። አንዲት በሽተኛ የምታስታምም እናት ምን እንደደረሰብን ሳትጠይቅ ነጠላዋን አውልቃ ትከሻዬ ላይ ጣለችልኝ። ቀሚሴ መቀደዱን ያስታወስሁት ያኔ ነው። ፍሬው አንድ ነገር ብቻ ነው ያለኝ፦ «እኔ እኮ መስታወቱን አላየሁም። ያየሁት ያንቺን ፊት ነው።»

የጋሽ አበራ ቁስል ትከሻቸው ላይ ነበር፤ ጥልቅ ነው፣ ግን ለሕይወት አያሰጋም አለን ሐኪሙ። ከእሳቸው ሌላ አንድ አስተናጋጅ እጁ ላይ ተጫረ። ሌላ የተነካ ሰው የለም። ስንገባ ጋሽ አበራ በሆዳቸው ተኝተው ነበር። መሪጌታ ከራስጌያቸው ቆመው በለሆሳስ ይጸልያሉ።

«እመቤት ነሽ?» አሉ ጋሽ አበራ ሳይዞሩ።

«አዎ ጋሼ።»

«አሁን ንገሪኝ፤ ልዩነቱን። ቅድም ጆሮዬ አልሰማም ነበር።»

ይቅርታ እላለሁ ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ሠርጉ በመበላሸቱ፣ ቤታቸው በመፍረሱ። እሳቸው ግን የጠየቁኝ ስለ ሥራዬ ነው። አጠገባቸው ተቀመጥሁ።

«የሱቅ ፊት ማለት በሁለት ሰዎች መሀል የቆመ ሕፃን ማለት ነው ጋሼ» አልኋቸው። «አንዱ እግሩን ይዞታል፣ አንዱ ራሱን። አጭር እስከሆነ ድረስ አይወድቅም። ከርተን ዎል ደግሞ ሕንጻው ራሱ አዝሎት ነው የሚቆመው፤ በየወገቡ ያለ ማያዣ ማዘያው ነው። የእርስዎ ግድግዳ ቁመቱን ከከርተን ዎል ወሰደ፤ ማዘያውን ግን አልወሰደም።»

«ዝናብስ? ባለፈው ክረምት ከሥር ውሃ ይገባ ነበር። ሠራተኞቹ መጥተው ቀዳዳዎቹን በሲሊኮን ደፈኑልኝ።»

«እነዚያ ቀዳዳዎች ውሃው የሚወጣባቸው ናቸው። የሱቅ ፊት ከላይ የገባበትን ውሃ ሁሉ ወደ ታች ሰብስቦ ነው የሚያስወጣው። ከርተን ዎል ግን በየመስታወቱ ክፍል የገባውን እዚያው ያስወጣዋል፤ ለዚህ ነው ረጅም መሆን የሚችለው።»

የተኙ መስሎኝ ልነሳ ስል «ሰዎቹ ክፉዎች አይደሉም» አሉ። «ሱቄን አሳምረው ሠርተውልኛል። እኔ ነኝ ያንኑ ሥሩልኝ ያልሁት፤ ከፍ አድርጋችሁ ብቻ ሥሩልኝ። እነሱም እሺ አሉኝ።»

መሪጌታ ጸሎታቸውን ጨርሰው ነበር። ፍሬውንና እኔን ከአልጋው አጠገብ እንድንንበረከክ ጠሩን፤ በግርግሩ ያልተደረገውን ምርቃት እዚያ መረቁን። ጋሽ አበራ በተኙበት አሜን አሉ።

የአዳራሹ ነገር እንዲህ ሆነ። ጋሽ አበራ ሲድኑ ንድፉን እኔ እንዳወጣ ጠየቁኝ። መሐንዲስ አስጠራንና ከእሱ ጋር ተመካከርን። ከርተን ዎል አላስፈለገም። የግድግዳው ወገብ ላይ ጠንካራ የኮንክሪት ማገር ተሠራ፤ ከማገሩ በታችና በላይ የሱቅ ፊት ገባ፤ እያንዳንዱ በሚገባው ቁመት፣ ሲሰበር እንደ ጠጠር በሚረግፍ መስታወት። ሸለቆው አሁንም ይታያል፤ በመሀሉ አንድ ማገር አለፈበት እንጂ። የሱቅ ፊት ክፉ ነገር አይደለም። ክፋቱ ያለቦታው ሲቆም ነው።

እኔ ግን ወደ ቀድሞ ሥራዬ እንደ ቀድሞዬ ሆኜ መመለስ አልቻልሁም። ከጥቂት ወራት በኋላ ለቅቄ ላሊበላ ገባሁ። ዛሬ ከዚያው መሐንዲስ ጋር እሠራለሁ፤ ሆቴልም ሆነ ክሊኒክ የመስታወት ሥራ ሲያስብ ይጠሩናል። ንፋስ ሲነሳ ያለሁበት ቤት ውስጥ ዓይኔ አሁንም መስታወት ይፈልጋል። ሰዎች በጊዜ ብዛት ያልፋል ይሉኛል። አላለፈም።

ይህን የምታነቡ ሆይ፣ መሐንዲስ ሁኑ አልላችሁም። ረጅም መስታወት የምታሠሩ ከሆነ ግን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ወገቡን ማን ይዞታል? የሚመልስላችሁ ሰው ዝም ካለ ሥራውን አቁሙት። አንድ ነገር ካስፈራችሁም እርግጠኛ እስክትሆኑ አትጠብቁ። እርግጠኛ የምትሆኑት ከወደቀ በኋላ ነው። እርግጠኛ አይደለሁም ብሎ መናገር የሚቻል መሆኑን እኔ ያወቅሁት ነጭ ቀሚስ ለብሼ ነው።

በቅርቡ አንድ ከተማ ውስጥ አዲስ ሕንጻ እንድንመለከት ተጠራን። የግንባታው ኮሚቴ ሰዎች ረጅም መስታወት ለማቆም ተዘጋጅተዋል፤ አልሙኒየሙ መሬት ላይ ተደርድሯል። ቀጭን ነበር። ይህ ለዚህ ቁመት አይሆንም አልኋቸው። ከመሀላቸው ትልቁ ሰው ክራቫታቸውን እያስተካከሉ «ይኼ እኮ ያንቺ ፍርሃት ነው» አሉኝ።

«አዎ፣ የእኔ ፍርሃት ነው» አልኋቸው። «እስኪ ሁላችሁም ኑና አብራችሁኝ እዩት።»

ጥቂት አመነቱ። ከዚያ አንድ በአንድ መጥተው አጠገቤ ቆሙ፤ ቀና ብለንም ባዶውን የመስታወት ቦታ አብረን ማየት ጀመርን።